የአሥር ሳምንት ጠበቆች

እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1958 ክረምት፣ በሃርቫርድ የሕግ ትምህርት ቤት ሁለተኛ ዓመቷን የጨረሰች የ25 ዓመት ወጣት እናት፣ ፖል ዋይስ በተባለው የኒው ዮርክ የጥብቅና ድርጅት በተለማማጅነት ሠራች። (ከዚህ በታች ያሉት ዓመቶችም በዚሁ አቆጣጠር ናቸው።) ከ20 ዓመት በኋላ፣ በ1978፣ ከየል የሕግ ትምህርት ቤት የመጣች ሌላ ወጣት ክረምቷን እዚያው ድርጅት አሳለፈች። ጊዜያቸው ሲያልቅ ሁለቱንም "ስትመረቂ ሥራሽ ይጠብቅሻል" ያላቸው አልነበረም። የመጀመሪያዋ ሩት ቤደር ጊንስበርግ ናት፤ ሁለተኛዋ ሶንያ ሶቶማዮር። ኋላ ሁለቱም የአሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ዳኞች ሆነው፣ ከ2009 እስከ 2020 በአንድ ችሎት ተሰይመዋል።

በድርጅቱ ሰዎች ላይ መሳቅ ቀላል ነው። ግን አሥር ሳምንት ያህል አጭር ጊዜ አይቶ በአንድ ሰው የሙያ ዕድል ላይ የመወሰን ልማድ የእነሱ ብቻ አይደለም፤ የአሜሪካ ትላልቅ የጥብቅና ድርጅቶች ዛሬም ባብዛኛው የሚቀጥሩት በዚሁ መንገድ ነው።

በአሜሪካ ሕግ የሚጠናው የመጀመሪያ ዲግሪ ከተያዘ በኋላ ሲሆን ሦስት ዓመት ይፈጃል። ወሳኙ ጊዜ በሁለተኛውና በሦስተኛው ዓመት መካከል ያለው ክረምት ነው። ተማሪው በአንድ ድርጅት አሥር ሳምንት ያህል ይሠራል፤ ሲጨርስ ወይ የቅጥር ቃል ይሰጠዋል ወይ አይሰጠውም። የሙያው ሰዎች ይህን ቃል ኦፈር ይሉታል። ኦፈር የያዘ ሰው የመጨረሻ ዓመቱን እፎይ ብሎ ይማራል። ያጣው ግን በየቃለ መጠይቁ አንድ የማይቀርለት ጥያቄ ይጠብቀዋል፦ ክረምቱን የሠራህበት ድርጅት ለምን አላስቀረህም?

በመቶ የሚቆጠሩ ጠበቆች በአንድ ስም የሚሠሩበት ቢሮ ለአዲስ አበባ አንባቢ እንግዳ ቢመስል አይፈረድበትም። በእኛ አገር ጠበቆች ተሰባስበው የጥብቅና ድርጅት እንዲያቋቁሙ የፈቀደው አዋጅ ቁጥር 1249 የወጣው በ2021 ነው፤ በእኛ 2013 መሆኑ ነው። ኒው ዮርክ በዚህ መንገድ ላይ ከመቶ ዓመት በላይ ቆይታለች። ከዚያ በፊት፣ በ19ኛው መቶ ዘመን፣ ጠበቃ መሆን የሚፈልግ ወጣት አንድ ጠበቃ ዘንድ ገብቶ ሰነድ እየገለበጠና መጽሐፍ እያነበበ ይማር ነበር። ደመወዝ ብዙ ጊዜ የለም፤ ለመማሩ ከኪሱ የሚከፍልም ነበር። ይህን የለወጠው ፖል ክራቫዝ ነው። በ1899 በተቀላቀለው ድርጅት ውስጥ የዘረጋው ሥርዓት ስሙን ይዞ እስካሁን አለ፦ ከታወቁ የሕግ ትምህርት ቤቶች ከፍተኛ ውጤት ያመጡትን መርጦ በደመወዝ መቅጠር፣ በነባሮቹ ሥር ማሠልጠን፣ ከዓመታት በኋላ ወይ የድርጅቱ ሸሪክ ማድረግ ወይ ማሰናበት። ሌሎቹም ይህንኑ ቀዱ።

ምርጫው በውጤት ነው ይባል እንጂ ውጤት ብቻውን በር አያስከፍትም ነበር። ዊልያም ኮልማን ከሃርቫርድ አንደኛ ወጥቶ፣ በጠቅላይ ፍርድ ቤት የዳኛ ረዳት ሆኖ የሠራ የመጀመሪያው ጥቁር አሜሪካዊ ነበር። የትውልድ ከተማው የፊላደልፊያ ድርጅቶች ግን አንቀጥርህም አሉት። በ1949 የቀጠረው ያው ፖል ዋይስ ነው። እንግዲህ ሩት የገባችበት ቤት በዘመኑ ከነበሩት ሁሉ በሩ ሰፋ ያለው ነበር ማለት ይቻላል። ነገሩን ይበልጥ የሚያስገርመውም ይኸው ነው።

ሩት በ1956 ሃርቫርድ ስትገባ፣ ከ500 በላይ ተማሪ ባለበት ዙር ውስጥ የነበሩት ሴቶች ዘጠኝ ነበሩ። ባሏ ማርቲን እዚያው ሕግ ሲማር በካንሰር ታመመ፤ እሷ የራሷን ትምህርት፣ የእሱን ማስታወሻና ትንሿን ልጃቸውን አንድ ላይ ይዛ ዘለቀች። ክረምቱን በሚገባ እንደሠራች ታምን ነበር፤ ኦፈሩን ጠበቀች፤ አልመጣም። ባሏ ኒው ዮርክ ሥራ ስለያዘ ወደ ኮሎምቢያ ተዛወረች፣ በ1959ም አንደኝነቱን ከሌላ ተማሪ ጋር ተጋርታ ተመረቀች። ያም ሆኖ የጥብቅና ድርጅቶች በር አልተከፈተላትም። አይሁዳዊት፣ ሴት፣ በዚያ ላይ እናት መሆኗ ተደማምሮ ነው ስትል ኋላ አስረድታለች። በመጨረሻ መምህሯ ጄራልድ ጉንተር ዳኛ ኤድመንድ ፓልሚየሪን በግድ አግባብቶ በረዳትነት አስቀጠራት፤ እሷን ካልወሰድክ ከእንግዲህ ከኮሎምቢያ ሰው አልልክልህም ብሎ እስከ ማስፈራራት ደርሶ ነበር።

በዚያ በ1958 ክረምት አንድ ሌላ ነገርም ሆኗል። በፖል ዋይስ ከ1956 ጀምሮ ፖሊ ሙሬይ የምትባል ጥቁር ጠበቃ ትሠራ ነበር። ሙሬይ በ1944 ከሃዋርድ ዩኒቨርሲቲ አንደኛ ወጥታ፣ ሃርቫርድ ደግሞ ሴት በመሆኗ ብቻ ሳይቀበላት የቀረች ናት። የዘር መድልዎን ለመቃወም የቀረበው ክርክር ለጾታ መድልዎም ይሠራል የሚል ሐሳብ ቀድማ አራምዳለች። ሁለቱ ሴቶች በዚያ ቢሮ ተያዩ እንጂ ብዙም አልተቀራረቡም። በ1971 ግን ጊንስበርግ በሪድ እና ሪድ ጉዳይ ለጠቅላይ ፍርድ ቤት የጽሑፍ ክርክር ስታዘጋጅ፣ የሙሬይንና የዶሮቲ ኬንዮንን ስም ከጸሐፊዎቹ ጋር አስገባች፤ አንድ ቃል ባይጽፉበትም ሐሳቡ የእነሱ ነው ብላ። ፍርድ ቤቱም በጾታ የሚያበላልጥን ሕግ ከሕገ መንግሥቱ የእኩልነት ድንጋጌ ጋር ይጋጫል ብሎ ሲሽር ያ የመጀመሪያው ሆነ። የዚያ ክረምት ፍሬ ነው ማለት ማጋነን ይሆናል። ብቻ ድርጅቱ ሁለቱንም በአንድ ጣሪያ ሥር አግኝቷቸው ነበር።

የሶቶማዮር ታሪክ የተለየ ነው፤ እሷ ጣቷን ወደ ሌላ አልቀሰረችም። ተለማማጅ የሚሰጠው ሥራ ባብዛኛው ጥናት ነው፦ አንድ ጠባብ የሕግ ጥያቄ ይዞ የቀድሞ ፍርዶችን መመርመር፣ ያገኘውን በጽሑፍ ማቅረብ፣ ወይም በትልቅ ክርክር ውስጥ አንዲት ክፍል ማርቀቅ። ሶቶማዮር በ2013 ባሳተመችው ግለ ታሪኳ፣ ያኔ የሠራችው ከሚጠበቀው ደረጃ እንዳልደረሰና ያለ ኦፈር መቅረቷ ክፉኛ እንዳሳመማት ሳትሸፋፍን ጽፋለች። በዚያው በ1978 መጸው አንድ የዋሽንግተን ድርጅት ባዘጋጀው የምልመላ እራት ላይ ደግሞ አንድ ሸሪክ ፖርቶሪካዊት ባትሆኚ ኖሮ የል ትገቢ ነበር ወይ ሲል ጠየቃት። ቅሬታዋን ለዩኒቨርሲቲው አቀረበች፤ ድርጅቱም ይቅርታ ጠየቀ። ወደ ማንሃተን ዐቃቤ ሕግ ቢሮ የወሰዳት ግን ሆዷ ነው ቢባል ውሸት የለበትም፦ ነጻ አይብና መክሰስ አለ ብላ በገባችበት ስብሰባ ከዋናው ዐቃቤ ሕግ ከሮበርት ሞርገንታው ጋር ተገናኘች፤ በ1979ም ሥራ ጀመረች።

በ1979 አሜሪካን ሎየር የተባለው መጽሔት ሲመሠረት የድርጅቶች ገመና አደባባይ ወጣ። ማን ስንት ይከፍላል፣ የትኛው ቤት ተለማማጆቹን ደስ ያሰኛል የሚለው ሁሉ መታተም ጀመረ። ፉክክሩም ጦፈ። ተለማማጅ የሚከፈለው በአንደኛ ዓመት ጠበቃ ደመወዝ ልክ ተሰልቶ ነው፤ ያ ደመወዝ ደግሞ በ1986 ክራቫዝ ዘንድ 65,000 ዶላር ገባ። ምሳው፣ የቤዝቦል ጨዋታው፣ የቲያትር ትኬቱ፣ የጀልባ ሽርሽሩ ተጨመረበት። ሠርግ ቤት ተቀምጦ ፈተና እንደ መፈተን ነው፤ ብላ ጠጣ የሚልህ ሰው አመሻሹ ላይ ውጤትህን ይጽፋል።

ድግሱ ወዴት እንደሚወስድ በ1983 ታየ። ኪንግ ኤንድ ስፖልዲንግ የተባለው የአትላንታ ድርጅት በክረምት ሽርሽሩ ላይ ሴት ተለማማጆችን በዋና ልብስ አሰልፎ ማወዳደሩን ዎል ስትሪት ጆርናል ዘገበ። በዚያው ሰሞን ይኸው ድርጅት፣ ሴት ስለሆንኩ ሸሪክነት ተነፈግሁ ባለች ጠበቃ ተከሶ በጠቅላይ ፍርድ ቤት እየተሟገተ ነበር። በግንቦት 1984 ተረታ፦ የፀረ መድልዎ ሕጉ የሸሪክነት ዕድገትንም ይመለከታል ተባለ።

ከክረምት ታሪኮች ሁሉ በሰው አፍ የገባው ግን የቺካጎው ነው። በ1989 ሲድሊ ኦስቲን የሃርቫርድ አንደኛ ዓመት ጨርሶ የመጣ ባራክ ኦባማ የተባለ ተለማማጅ ተቀበለ። ቦታው በተለምዶ የሁለተኛ ዓመት ተማሪ ነው፤ እሱን ግን መምህርቱ ማርታ ሚኖው የድርጅቱ ሸሪክ ለነበሩት ለአባቷ ለኒውተን ሚኖው አመስግናላቸው ነበር። እንድታለማምደው የተመደበችው ወጣቷ ጠበቃ ሚሼል ሮቢንሰን በመጀመሪያው ቀን አርፍዶ መምጣቱን አልረሳችለትም። ወዳጅነት ሲጠይቃትም እኔ ኃላፊህ ነኝ ብላ እምቢ አለች፤ ኋላ ግን የስፓይክ ሊን አዲስ ፊልም አብረው አዩ፣ በ1992 ተጋቡ። ድርጅቱ ሁለቱንም ማስቀረት አልቻለም፤ እሱ ተመልሶ አልገባም፣ እሷም ለቀቀች። ያ ተለማማጅ ፕሬዚዳንት ሆኖ በ2009 ለጠቅላይ ፍርድ ቤት መጀመሪያ ያጫት ሶንያ ሶቶማዮር ናት።

2009 ለተለማማጆች ክፉ ዓመት ነበር። የባንኮቹ ቀውስ የድርጅቶቹን ገቢ ሲመታ፣ ከመቶ 90 አካባቢ የነበረው የኦፈር መጠን ወደ 69 ወረደ። ኦፈር የያዙትም ሥራ መጀመሪያቸው ለወራት፣ ለአንዳንዶቹም ለዓመት ተገፋ። በ2020 ደግሞ ወረርሽኙ ክረምቱን ወደ አምስትና ስድስት ሳምንት አሳጠረው፤ ተማሪዎች የወደፊት አለቆቻቸውን ያወቁት በኮምፒውተር መስኮት ሆነ።

አሁን ገበያው ደርቷል። በ2023 መጨረሻ በትላልቆቹ ድርጅቶች የአንደኛ ዓመት ጠበቃ ደመወዝ 225,000 ዶላር ደረሰ፤ ለተለማማጁ በሳምንት ከ4,300 ዶላር በላይ ይደርሰዋል ማለት ነው። ኦፈር የማያገኘውም ጥቂት ነው። ማጣሪያው ወደ ፊት ተስቦ ምልመላው ላይ አርፏል። የአሜሪካ የሕግ ሥራ ምደባ ማኅበር በ2018 የምልመላ የጊዜ ገደቦቹን ካነሳ ወዲህ ድርጅቶች እየተሽቀዳደሙ የቃለ መጠይቁን ወቅት ከነሐሴ ወደ ጸደይ አምጥተውታል። ዛሬ ብዙው ተማሪ ማመልከቻ የሚያስገባው የአንድ ሴሚስተር ውጤት ብቻ ይዞ፣ የማስረጃ ሕግ የሚባለውን ኮርስ ገና ሳይጀምር ነው።