የፀሐዩ ንጉሥ ሙዚቀኞች

ሙዚቃ የነፍስ ምግብ ነው ሲባል ሁላችንም ሰምተናል። ታዲያ የሙዚቀኛውን የሥጋ ምግብ የሚሰጠው ማን ነው? ይህን ስንጠይቅ ነገሩ ከዜማው ወደ ዙፋኑ ይወስደናል። ለዚህ እትም የፈረንሳዩን ንጉሥ የሉዊ 14ኛን ቤተ መንግሥት እንመልከት። ዓመታቱ ሁሉ እንደ አውሮጳውያን አቆጣጠር ናቸው።

ጊዜው 1653 ነው። በ1648 የተነሣው የመኳንንትና የፓሪስ ዳኞች አመፅ ገና መብረዱ ነበር። የ14 ዓመቱ ንጉሥ ስለ ሌሊት በተዘጋጀ ባሌ ላይ ወርቅ ለብሶ፣ ፀሐይ ሆኖ ጨፈረ። ተራ ጨዋታ እንዳይመስለን! ሌሊቱ አልፏል፣ ፀሐይ ወጥታለች፣ እናንተም በዙሪያዋ ዙሩ ማለቱ ነበር። በእኛ አገር አዋጅ በነጋሪት ይነገር ነበር፤ እዚያ ደግሞ በቫዮሊን ተነገረ።

የንጉሡ ሙዚቃ በሦስት ይከፈል ነበር፤ የእልፍኝ፣ የጸሎት ቤትና የፈረስ ቤት። 24ቱ የንጉሡ ቫዮሊኖች የሚባሉት የእልፍኙ ነበሩ። መለከተኞቹና ከበሮ መቺዎቹ ደግሞ ከፈረስ ቤቱ እየወጡ ሰልፉን ያደምቁ ነበር። የሙዚቀኛነት ቦታ እንደ ርስት ነው፤ ይገዛል፣ ይሸጣል፣ ከአባት ወደ ልጅ ይተላለፋል። ለዚህ ሁሉ ድግስ ገንዘቡ ከየት መጣ? ታይ የሚባለውን ግብር መኳንንቱና ካህናቱ አይከፍሉም፤ ሸክሙ በገበሬው ጫንቃ ላይ ነበር። ገበሬው ግን የከፈለበትን ዜማ አልሰማም።

ከዚያ ባሌ ጨፋሪዎች አንዱ ዣን ባቲስት ሉሊ ነበር። በ1632 በፍሎሬንስ የተወለደ የወፍጮ ቤት ሰው ልጅ ነው። በ1646 ወደ ፈረንሳይ የመጣው ለንጉሡ ዘመድ ለአንዲት ልዕልት ጣልያንኛ እንዲያለማምዳት ነው። ከእሷ ቤት ወደ ንጉሡ ተሻገረ፤ በ1661 የእልፍኙ ሙዚቃ የበላይ ሆኖ ተሾመ። ሲሾም ያልበላ ሲሻር ይቆጨዋል ይባላል፤ ሉሊን ግን የሚቆጨው ነገር አልነበረም።

በ1669 የኦፔራ ፈቃድ ለባለቅኔው ለፔራን ተሰጥቶ ነበር። ፔራን በዕዳ ታሰረ። ሉሊ ፈቃዱን ገዛውና በ1672 ንጉሡ አጸደቀለት። ከዚያ ወዲያ ያለ እሱ ፈቃድ ሙሉ በሙሉ የሚዘመር ቴአትር ማሳየት ክልክል ሆነ። በ1673 ሞልዬር እንደ ሞተ የቀሩት ቴአትር ቤቶች ከ2 ዘፋኞችና ከ6 ቫዮሊኖች በላይ እንዳይዙ ታዘዘ። የሞልዬርን ቡድን አዳራሽም ሉሊ ወሰደው። ለዚሁ ቡድን ሙዚቃ ይደርስ የነበረው ሻርፓንቲዬ ድርሰቱን በትእዛዙ ልክ ማሳጠር ግድ ሆነበት።

በጥር 1687 ንጉሡ ከሕመሙ ስለ ዳነ ሉሊ የምስጋና መዝሙር ይመራ ነበር። መቋሚያ በሚመስል ረጅም በትር ምት ሲመታ የገዛ እግሩን ጣት መታ። ቁስሉ ተመርዞ በመጋቢት ሞተ። የንጉሡን ጤና ሲያመሰግን የራሱን አጣ ማለት ነው።

እኛ የሉሊን ዜማ ለማጣጣል አልተነሣንም። ያ ሥራ ያለ ቤተ መንግሥቱ ገንዘብ አይሠራም ነበር፤ ይህን መካድ ታሪክን መካድ ነው። ነገር ግን ለአንዱ አፍ የሚያጎርስ እጅ የሌላውን አፍ ሲዘጋ አይተናል። ሻርፓንቲዬ «ሜዴ» የተባለውን ኦፔራ ሉሊ በያዘው መድረክ ላይ ያቀረበው በ1693 ነው፤ ዕድሜው ወደ 50 ደርሶ፣ ሉሊም ከሞተ 6 ዓመት ሆኖት ነበር። ስለዚህ የነገሥታትን ዜማ ስናደንቅ የተጻፈውን ብቻ አንቁጠር። በእነዚያ 20 ዓመታት ሳይጻፍ የቀረውስ ስንት ነው?