ከሰላሌ ሌጦ እስከ ውድድር ትራክ፦ የሞተረኛ ጓንት ታሪክ

በ2007 በእንግሊዙ የዶኒንግተን ፓርክ ትራክ ላይ አውስትራሊያዊው ትሮይ ቤይሊስ ከዱካቲ ሞተሩ ወደቀ። የወቅቱ የዓለም ሱፐርባይክ ሻምፒዮን ነበርና የሚለብሰው ሁሉ በገበያ ላይ አለ ከተባለው ምርጡ ነው። እንዲያም ሆኖ የቀኝ እጁ ትንሿ ጣት ክፉኛ ተጎዳች፤ ሐኪሞችም ከፊሏን ለመቁረጥ ተገደዱ። ቤይሊስ በ2008 ለሦስተኛ ጊዜ ሻምፒዮን ሆኖ ከውድድር ተሰናበተ፤ የጣቱ ነገር ግን በጓንት ሠሪዎች ዘንድ በደንብ የሚታወቅ ችግር ነበር። (እዚህ የተጠቀሱት ዓመታት በሙሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።)

ሞተረኛ ወድቆ ሲንሸራተት አስፋልቱን ቀድሞ የሚነካው የእጁ የውጭ ጠርዝ ነው። እዚያ ያለችው ትንሿ ጣት ብቻዋን ናት፤ ከጎኗ የሚደግፋት የለም፤ ከሌሎቹ ተነጥላ ትጠመዘዛለች ወይም ከመዳፍ ሥር ትገባለች። የዛሬን የውድድር ጓንት አገላብጦ ያየ ሰው ትንሿን ጣት ከቀለበት ጣት ጋር የምታያይዝ አጭር የቆዳ ድልድይ ያገኛል። የጣሊያኑ አልፓይንስታርስ የባለቤትነት መብት ያስመዘገበባት ይህች ቁራጭ ቆዳ ለማስጌጥ የተሰፋች አይደለችም። የውድድር ጓንት ዋና ዋና ክፍሎች እንዲህ ናቸው፤ አንድ ዓይነት ጉዳት ደጋግሞ ከታየ በኋላ የተጨመሩ ናቸው። ይህን ታሪክ የሚያውቅ ሰው ገንዘቡ ውስን ቢሆንም እንኳ የትኛው ክፍል ዋጋ እንደሚያወጣ፣ የትኛው ደግሞ ለዓይን ብቻ እንደተለጠፈ ይለያል።

የጓንት ሙያ ከሞተር በብዙ መቶ ዓመታት ይቀድማል። በፈረንሳይዋ የግሬኖብል ከተማ የጓንት ሠሪ ቤተሰብ ልጅ የሆነው ዣቪዬ ዡቬን በ1834 የሰዎችን እጅ ለክቶ የጓንት ቁጥር ሥርዓት አወጣ፤ በ1838 ደግሞ ጓንትን በእጅ ቅርጽ በተሠራ የብረት ስለት ቆርጦ የሚያወጣ መሣሪያ አስመዘገበ። ከዚያ በፊት ቆዳው በመቀስ በግምት ይቆረጥ ነበር። ከዚያ በኋላ ግን ቆዳው ከመቆረጡ በፊት ወዴት እንደሚለጠጥ ታይቶ፣ በጣቶቹ መካከል ቀጫጭን የጎን ቁራጮች ገብተው፣ ጓንቱ በልክ የሚሠራ ዕቃ ሆነ። ዛሬ ሞተረኛው «ቁጥር ዘጠኝ ነው የምለብሰው» ሲል የሚናገረው በዚያ ዘመን በተጀመረው ልማድ ነው።

በእንግሊዝ የዚህ ሙያ መናኸሪያ ከነበሩት ከተሞች አንዷ በሰመርሴት ግዛት ያለችው ዮቪል ናት። የከተማዋ እግር ኳስ ቡድን እስከ ዛሬ ድረስ «ጓንት ሠሪዎቹ» ይባላል። በ1826 እዚያ የተቋቋመው ፒታርድስ ለጓንት የሚሆን ቆዳ በማልፋት ስሙ ገነነ፤ ለዚህ ስም ካበቁት ነገሮች አንዱ ደግሞ ከኢትዮጵያ ደጋ የሚመጣው የበግ ሌጦ ነው።

የአውሮፓ በግ ብዙ ሱፍ ስለሚያበቅል በቆዳው ንጣፎች መካከል ስብ ይከማቻል፤ ሲለፋ ላላ ያለና የሚለያይ ይሆናል። የኢትዮጵያ በግ ግን የሚያበቅለው ሱፍ ሳይሆን ጸጉር ስለሆነ የቆዳው ጭረት የተጠጋጋ ነው። ስለዚህ በጣም ሳስቶ፣ ከአንድ ሚሊሜትር በታች ሆኖም ቢሆን በቀላሉ አይቀደድም፤ ጣት ሲታጠፍ አብሮ ይታጠፋል። የቆዳ ነጋዴው ዓለም የሰሜን ሸዋን ደጋ በግ ሌጦ በ«ሰላሌ» ስም፣ የወሎን የፍየል ሌጦ ደግሞ በ«ባቲ» ስም ለይቶ ያውቃቸዋል። ሰላሌ ለጓንት ተመራጭ ነው። ከዚህ የመጣ ቆዳ የጎልፍ ተጫዋችን፣ የአውሮፕላን አብራሪንና የሞተረኛን እጅ ሲያለብስ ኖሯል።

ይህ ሀብት ጠላትም አለው፤ ገበሬውም ቆዳ ፋብሪካውም «እከክ» ይሉታል። በበጉ ጸጉር ውስጥ የሚኖሩ ቅማልና ደም መጣጭ ተባዮች ቆዳውን ሲያስቆጡት ጥቃቅን እብጠቶች ይፈጠራሉ። ሌጦው ጸጉሩ ላዩ ላይ እያለ ምንም አይታይበትም። ፋብሪካ ገብቶ ጸጉሩ ከተነሣ በኋላ ግን ገጹ በሙሉ በነጠብጣብ ተሸፍኖ ይገኛል፤ አንደኛ ደረጃ ተብሎ የተገዛው ወደ ዝቅተኛ ደረጃ ይወርዳል። ከበጉ ጀርባ ላይ ተባይ ማጥፋት የአንድን ጓንት ጥራት የሚወስን ሥራ ነው ማለት ነው።

ኢትዮጵያ በ2008 በጥሬ ቆዳና ሌጦ ላይ 150 በመቶ የውጭ ንግድ ታክስ ጣለች፤ ዓላማው ቆዳው በአገር ውስጥ ለፍቶና ተሰፍቶ እንዲወጣ ነበር። ፒታርድስም የኤጀርሳን ቆዳ ፋብሪካ ይዞ፣ አዲስ አበባ ውስጥ የሥራ ጓንት እስከ ማምረት ደረሰ። የዮቪሉ እናት ኩባንያ ግን ወደ ሁለት መቶ ዓመት ከተጠጋ ዕድሜ በኋላ በ2023 ተንኮታኮተ።

ወደ ውድድሩ እንመለስ። የማን ደሴት ቲቲ ውድድር በግንቦት 1907 ሲጀመር የነጠላ ሲሊንደሩ አሸናፊ ቻርሊ ኮሊየር አማካይ ፍጥነቱ በሰዓት 61 ኪሎ ሜትር ገደማ ነበር። መንገዱ አቧራና ጠጠር ነው፤ ሞተሩ ዘይት ይረጫል፤ ነጂው ራሱ በእጅ ፓምፕ ዘይት ይመግበዋል። በዚያ ዘመን እስከ ክንድ አጋማሽ የሚደርሰው ሰፊ የቆዳ ጓንት የተለበሰው ለብርድ፣ ለዝናብና ለዘይት ነው። መውደቅን ያሰበ አልነበረም።

መውደቅን መጀመሪያ ያሰበው ሐኪም ነው። የእንግሊዙ ብሩክላንድስ ትራክ ሐኪም የነበረው ኤሪክ ጋርድነር ጭንቅላታቸው የተጎዳ ሞተረኞች በየጊዜው ሲመጡለት አይቶ፣ ከሸራና ከሙጫ የተሠራ ቆብ አዘጋጀ። በ1914ቱ ቲቲ ቆቡ ግዴታ ሆነ። እጅ ግን አንገብጋቢ ጉዳይ ሆኖ አልታየም፤ በእጅ ጉዳት የሚሞት ሰው የለምና።

በ1950 እንግሊዛዊው ተወዳዳሪ ጄፍ ዱክ በትውልድ ከተማው በሴንት ሄለንስ ልብስ ሰፊ የነበረውን ፍራንክ ባርከርን አንድ ወጥ የቆዳ ልብስ አሰፋው። ሐሳቡ የተነሣው ከደኅንነት አይደለም፤ ሁለት ቁራጭ የነበረው ልብስ በነፋስ እየተነፋ ፍጥነት ስለሚቀንስበት ነው። ያን ዓመት ሲኒየር ቲቲን አሸነፈ፤ ኋላም ስድስት የዓለም ዋንጫ ሰበሰበ፤ ሌሎቹም ልብሱን ተከተሉት። በዚያ ዘመን ፎቶግራፎች የሚታዩት ጓንቶች ግን አሁንም ስስ ቆዳ ብቻ ናቸው፤ በጣት አንጓ ላይም ሆነ በመዳፍ ላይ ጠንካራ ነገር የለባቸውም።

ሁኔታውን የለወጡት የ1970ዎቹ ሞተሮች ናቸው። በመጋቢት 1975 በአሜሪካው የዴይቶና ትራክ እንግሊዛዊው ተወዳዳሪ ባሪ ሺን በሰዓት 280 ኪሎ ሜትር ገደማ ሲበር የኋላ ጎማው ተበላሽቶ ወደቀ። ጭኑ፣ ክንዱ፣ የአንገት አጥንቱና የጎን አጥንቶቹ ተሰበሩ፤ የቴሌቪዥን ቡድን እየቀረጸው ስለነበር አደጋው በየቤቱ ታየ። ሺን ከሰባት ሳምንት በኋላ ተመልሶ ተወዳደረ። ከዚያ በኋላ ሊኖ ዳይኔዜ በ1972 ያቋቋመውን የመሳሰሉ የሰሜን ጣሊያን ኩባንያዎች የጀርባ መከላከያን፣ የጉልበት ተንሸራታችን፣ በመጨረሻም ጠንካራ የጣት አንጓ መከላከያ ያለውን ጓንት ወደ ገበያ አመጡ። ለጓንት የካንጋሮ ቆዳ ተፈላጊ የሆነውም ቀጭን ሆኖ ከውፍረቱ በላይ ጠንካራ በመሆኑ ነው።

ከሁሉም ረቂቁ ፈጠራ ግን መዳፍ ላይ ያለው ነው። ሰው ሲወድቅ ሳያስብ እጁን ዘርግቶ መሬቱን ይመክታል። ስምንት ትናንሽ አጥንቶች ከተሰደሩበት የእጅ አንጓ ውስጥ በአውራ ጣት በኩል ያለችው ስካፎይድ የምትባለው አጥንት ያን ጊዜ ጉልበቱን ሁሉ ትቀበላለች። ደም የሚደርሳት ከሩቁ ጫፏ ወደ ኋላ እየተመለሰ ስለሆነ፣ መሃሏ ላይ ከተሰበረች የውስጠኛው ክፍል ደም ያጣል፤ መጠገኗም ወራት ይፈጃል፤ አንዳንዴም ጭራሽ አትገጥምም። በሐምሌ 2020 በስፔኑ የሄሬዝ ትራክ ተወዳዳሪው ካል ክራችሎው የግራ ስካፎይዱን ሰብሮ በብሎን አሳሰረ። ሌላው ተወዳዳሪ ኾርሄ ሎሬንሶም በ2019 መግቢያ ላይ በልምምድ የሰበረው ይህችኑ አጥንት ነው።

ችግሩ የቆዳ መዳፍ አስፋልቱን መያዙ ነው። እጅ ይቆማል፣ አካል ይቀጥላል፣ አንጓው ወደ ኋላ ይታጠፋል። የእንግሊዙ ኖክስ በመዳፍ ሥር ሁለት ለስላሳና ጠንካራ ፕላስቲኮች በመግጠም ለዚህ መላ አበጀ፤ እጁ እንዲንሸራተት እንጂ እንዳይነክስ ማለት ነው። ዛሬ በርካታ ኩባንያዎች በራሳቸው መንገድ ይህንኑ ያደርጋሉ።

የቀረው ጥራትን በቁጥር መለካት ነበር። በካምብሪጅ ዩኒቨርሲቲ ሮደሪክ ዉድስ በሴኮንድ 8 ሜትር በሚሮጥ የአሸዋ ወረቀት ቀበቶ ላይ የልብስ ቁራጭ ጥሎ ለምን ያህል ጊዜ እንደሚቆይ የሚለካ መሣሪያ ሠራ። ኢ.ኤን. 13594 የተባለው የአውሮፓ የሞተረኛ ጓንት ደረጃ በ2002 ወጥቶ በ2015 ተሻሻለ። በተሻሻለው ደረጃ መሠረት የደረጃ 1 ጓንት መዳፍ ቀበቶው ላይ ቢያንስ 4 ሴኮንድ፣ የደረጃ 2 ደግሞ 8 ሴኮንድ መቆየት አለበት። ደረጃ 2 ከእጅ አንጓ በላይ ቢያንስ 50 ሚሊሜትር መሸፈን፣ በ50 ኒውተን ጉልበት ሲጎተትም ከእጅ አለመውለቅ አለበት፤ ለደረጃ 1 እነዚህ 15 ሚሊሜትርና 25 ኒውተን ናቸው። የጣት አንጓ መከላከያ ለደረጃ 2 ግዴታ ነው፤ ደረጃ 1 ላይ ካለ በላቲን «ኬ» እና «ፒ» ፊደላት ይገለጻል።

የዋጋውን ታሪክ የጻፈችው ደግሞ የፓኪስታኗ ሲያልኮት ናት። ለ2014 የዓለም ዋንጫ ኳስ የሠራችው ይህች ከተማ በርካሽ የሚሸጡ የሞተር ጓንቶችም የሚሰፉባት ናት። በእጅ ሙያ ያደገ ሠራተኛ ስላላት ደረጃውን የጠበቀ ጓንት በመጠነኛ ዋጋ ታወጣለች፤ ለስም ብቻ የተሰፋም ከዚያው ይወጣል። ስለዚህ ዋጋ ብቻውን ወይም የተሠራበት አገር ስም ብቻውን ምንም አይናገርም። የሚናገረው ከውስጥ የተሰፋው ምልክትና ጓንቱ ራሱ ነው።

ከዚህ ሁሉ ታሪክ ትራክ ላይ ለሚወጣና ኪሱ ለሚያሳስበው ሞተረኛ የሚተርፍ ግልጽ ፍርድ አለ። በመጀመሪያ የእጅ አንጓ ማሰሪያው ይፈተሽ፤ አጥብቆ አስሮ ጓደኛው ከጣቶቹ ጫፍ ይጎትትለት፤ ከወለቀ ሌላው ሁሉ ዋጋ የለውም። ቀጥሎ የመዳፍ ተንሸራታቹ፣ ከዚያ የትንሿ ጣት ድልድይ፣ ከዚያ በመዳፍና በእጅ ጠርዝ የተደረበው ቆዳና ስፌቱ ይታዩ። ምልክቱ ላይ ኢ.ኤን. 13594 ከነደረጃው ይነበብ፤ ለትራክ ደረጃ 2 ይመረጣል። ከካርቦን የተሠራ የጣት አንጓ መከላከያ፣ የቲታኒየም ጌጥና የታዋቂ ተወዳዳሪ ፊርማ ዋጋ ከፍ የሚያደርጉ ነገሮች ናቸው፤ ገንዘብ ሲያጥር መጀመሪያ የሚቀነሱትም እነሱ ናቸው። ተራ የላም ወይም የፍየል ቆዳም እላይ የተባሉትን ካሟላ በቂ ነው። አንዴ የወደቀበት ያገለገለ ጓንት ግን በምንም ዋጋ አይገዛ፤ ስፌቱ የቱ ጋ እንደተበላ በዓይን አይታወቅም።