በድምፅ የተጻፈ ድርሰት፦ ጥላሁን ገሠሠና የዘመኑ ዜማ

ከአዲስ አበባ ተነሥቶ ወደ ጅማ የሚወርደው ጎዳና ዓለም ገናንና ሰበታን አልፎ፣ የወጨጫን ተራራ በስተ ቀኝ ትቶ፣ የአዋሽን ወንዝ ተሻግሮ፣ በቱሉ ቦሎ በኩል ወሊሶ ይገባል። በስተ ምዕራብ ደግሞ የአምቦ መንገድ በቡራዩ፣ በስተ ሰሜንም የጎጃም መንገድ ከእንጦጦ ጀርባ በሱሉልታ ያልፋል። እነዚህ ሦስት በሮች ለመናገሻይቱ ከተማ እህልና ከብት፣ ማገዶና ቅቤ ብቻ ያስገቡ አልነበሩም፤ መሰንቆውን ያነገተ አዝማሪ በሱሉልታ ሲወርድ፣ የሜጫና የቱለማ አገር ዘፈንም በቡራዩና በሰበታ ሲገባ፣ የአዲስ አበባ ሙዚቃ ከየአቅጣጫው በመጣ ዜማ ተሠርቷል። በ1940ዎቹ ዓመታት ዕቃ በጫነ መኪና ጀርባ ላይ ተሳፍሮ በሰበታ በኩል ወደ ከተማው የገባው ታዳጊ ልጅ ግን ለዚህ ሙዚቃ እንደ ሌሎቹ አንድ ዘፈን ብቻ ጨምሮ የሚያልፍ አልነበረም፤ የዘመኑ ድምፅ ሊሆን የተጠራው ጥላሁን ገሠሠ ነበር።

ጥላሁን አገሪቱ በኢጣልያ ወረራ ሥር ሳለች፣ መስከረም 17 ቀን 1933 ዓ.ም.፣ በበዓለ መስቀል ዕለት፣ ከአባቱ ከአቶ ገሠሠ ወልደ ኪዳንና ከእናቱ ከወይዘሮ ጌጤ ጉሩሙ በአዲስ አበባ ተወለደ። በልጅነቱ አያቱ ወደ ወሊሶ ወስደውት በራስ ጎበና ትምህርት ቤት ገባ፤ በዚያም የትምህርት ቤቱ ዲሬክተር የነበሩት ሚስተር ሸዳድ የተባሉት ሱዳናዊ፣ ልጁ ከፊደል ይልቅ ለዜማ ማድላቱን አይተው፣ ከመገሠጽ ይልቅ ማበረታታትን መረጡ። የሀገር ፍቅር ተዋንያን፣ ከነርሱም ወይዘሮ ንጋቷ ከልካይና ኢዮኤል ዮሐንስ፣ ወደ ወሊሶ በመጡ ጊዜ ልጁ ምኞቱን ለኢዮኤል ገለጸ፤ ኢዮኤልም በዚህ ሙያ ለመሠማራት የሚሻ ሰው ወደ አዲስ አበባ መሄድ እንደሚገባው ነገረው። ከዚያ ወዲያ ልጁን ማን ይይዘዋል? መጀመሪያ በእግሩ እስከ ቱሉ ቦሎ ሄዶ ተይዞ ተመለሰ፤ በሁለተኛው ግን መኪናው ከተማ አደረሰው።

የተቀበለው ቤት በ1927 ዓ.ም. በመኮንን ሀብተ ወልድ የተመሠረተው የሀገር ፍቅር ማኅበር ነበረ። ይህ ማኅበር አስቀድሞ ሕዝቡን ለአገር መከላከል ለማነሣሣት የቆመ ሲሆን፣ ከነጻነት መመለስ በኋላ ባህላዊው ዘፈን ወደ መድረክ የወጣበት አዳራሽ ሆነ። ጥላሁን ግን እዚያ ብዙ አልቆየም፤ ከጥቂት ዓመታት በኋላ ወደ ክብር ዘበኛ ኦርኬስትራ ተዛወረ፤ የሕይወቱም ዐቢይ ምዕራፍ እዚህ ይጀምራል። በዚያ ዘመን ሳክስፎንና መለከት፣ የተጻፈ ኖታና የሠለጠነ መሪ የሚገኘው በወታደር ቤት ነበርና ዘመናዊው ሙዚቃ የተወለደው ከሰፈር ጭፈራ ቤት ይልቅ በጦር ሠፈር ነው ብል ከእውነት አልርቅም። ለዚህም ሥር የጣለው በ1916 ዓ.ም. ከአርባዎቹ የአርመን ልጆች ጋር የመጣው ኬቮርክ ናልባንዲያን ነበረ።

እዚህ ላይ የዚህ መጣጥፍ ዋና ነገር ይነሣል። በጥንታዊው ልማዳችን አዝማሪ ግጥሙን የሚገጥም፣ ዜማውን የሚያወጣ፣ መሰንቆውን የሚመታና የሚዘፍን አንድ ሰው ነው፤ በወታደር ቤት ግን ይህ አንድ ሰው ለአራት ተከፈለ። ገጣሚው ግጥሙን ያቀርባል፤ የዜማው ደራሲ፣ እንደ ሳህሌ ደጋጎ ያለ ባለሙያ፣ ዜማውን ያወጣል፣ ለመሣሪያዎቹም ድርሻቸውን ያከፋፍላል፤ ኦርኬስትራው ያጅባል፤ ድምፃዊውም ይዘፍናል። ስለዚህ «ጥላሁን የራሱን ዘፈን የማይደርስ ድምፃዊ እንጂ የዜማ ሊቅ አይደለም» የሚሉ ወገኖች ከክፍፍሉ ደንብ ተነሥተው ይፈርዳሉ። በሌላው ዓለም ያለውን ብንመለከት፣ በስሪ ላንካ የሲንሃላ ሕዝብ የሚያከብረው አማራዴቫ፣ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ከ1927 እስከ 2016 የኖረው፣ በሕንድ አገር በላክናው ከተማ የረቀቀውን የራጋ ትምህርት ተምሮ የአገሩን የገጠር ዜማ ከዚያ ጋር ያዋሐደ፣ ለማልዲቭስም ብሔራዊ መዝሙር ዜማ የደረሰ ድምፃዊም ደራሲም ነበረ። በወረቀት ላይ ብንፈርድ አማራዴቫ ሙሉ፣ ጥላሁን ጎደሎ ሆኖ ይታየናል። እኔ ግን ይህን ፍርድ አልቀበልም፤ ጥላሁን የተከፋፈለውን ሥራ በጉሮሮው መልሶ አንድ አድርጎታልና።

ይህም እንዴት እንደ ሆነ ለመረዳት ድምፁን በጥሞና ማዳመጥ ያሻል። አራቱ ቅኝቶቻችን፣ ትዝታ፣ ባቲ፣ አምባሰልና አንቺሆዬ፣ እያንዳንዳቸው በአምስት ድምፅ የቆሙ በመሆናቸው፣ የዜማ ደራሲ በወረቀት የሚያሰፍረው መንገድ ጠባብ ነው፤ ውበቱ ያለው ከአንዱ ድምፅ ወደ ሌላው በሚወሰድበት አካሄድ ነው። ጥላሁን አንዱን ድምፅ ይዞ ያቆየዋል፣ ያንቀጠቅጠዋል፣ ከዚያም በቶሎ በተደራረቡ ትንንሽ ድምፆች እያወረደ ከማረፊያው ያደርሰዋል፤ አንዳንዴም ሰሚው ሳይጠብቅ ይቆርጠዋል። የቅዱስ ያሬድን የዜማ ምልክቶች የሚያውቅ ሰው ይህን ሲሰማ ይዘት፣ ርክርክና ቁርጥ ትዝ ቢሉት አያስደንቅም። ጥላሁን ከቤተ ክህነት ተምሮታል ማለቴ አይደለም፤ አንድ ሕዝብ ለዘመናት በማሕሌትና በለቅሶ፣ በሽለላና በእንጉርጉሮ ያሳደገው የጆሮ ልማድ በእርሱ ድምፅ ወጣ ማለቴ ነው። በዚህ ላይ የቃል አጠራሩ ይጨመራል፤ ጠብቆና ላልቶ የሚነበበውን ሳያዛባ፣ የኦርኬስትራው ምት ወደ ፊት ሲገፋው ቃሉን አዘግይቶ፣ ሳክስፎኖቹ በየስንኙ መካከል ሲመልሱለት ታግሦ ይጠብቃል። በደራሲው ወረቀት ላይ ይህ ሁሉ አልተጻፈም፤ የጻፈው ድምፁ ነው። በወሊሶ የሰማውንም ቋንቋ አልጣለም፤ በኦሮምኛም ዘፍኗልና፣ በሰበታ በኩል ይዞት የመጣው ቅርስ ከተማ ከገባ በኋላም አብሮት ቆየ።

በታኅሣሥ 1953 ዓ.ም. የክብር ዘበኛ አዛዥ ጄኔራል መንግሥቱ ንዋይ ከወንድማቸው ከገርማሜ ጋር በንጉሠ ነገሥቱ ላይ የጠነሰሱት የመንግሥት ግልበጣ በከሸፈ ጊዜ፣ የሠራዊቱ ጥፋት በሙዚቀኞቹም ላይ ተቆጠረና ጥላሁን ታሠረ። ከዚህም ወራት ጀምሮ «አልቻልኩም» የተባለው ዘፈኑ የፍቅር ሰም ለብሶ የዘመኑን ምሬት በወርቅነት እንደ ያዘ በሕዝቡ ዘንድ ተተረጎመ፤ መንግሥትም በጥርጣሬ ተመለከተው። በእኔ አስተያየት ዘፈኑ ለፖለቲካ ተደረሰ አልተደረሰ የሚለው ክርክር ብዙ አይጠቅምም። አንድ የፍቅር ስንኝ በሺህ ሰዎች ልቡና የአገር ጩኸት ሊሆን የሚችለው፣ የሚዘፍነው ሰው ሥቃዩን ሳይቆጥብ ሲዘፍነው ነው፤ ድምፁም ያንን አደረገ።

ከእሥር በኋላ ወደ መድረኩ ተመለሰ፤ ዘግየት ብሎም በብሔራዊ ቴአትር አገለገለ። ለሀገር ፍቅር ተሰጥቶ የነበረውን የሸክላ ማሳተም ብቸኛ መብት ጥሶ አምሃ እሸቴ በ1961 ዓ.ም. የራሱን ኩባንያ ሲከፍት፣ ያ ዘመን ዛሬ ድረስ የምናዳምጠውን የሸክላ ሀብት አተረፈልን፤ በኋላም በፓሪስ በፍራንሲስ ፋልሴቶ አዘጋጅነት ከሚወጡት የ«ኢትዮፒክስ» ስብስቦች 17ኛው ለጥላሁን ብቻ ተሰጠ። በ1985 ዓ.ም. በፋሲካ ሰሞን አንገቱ ላይ በስለት የደረሰበት ክፉ ቁስል ለማንም ዘፋኝ የሙያው ፍጻሜ ይሆን ነበር፤ እርሱ ግን ድኖ ዳግመኛ ዘፈነ። የስኳር ሕመም እግሩን ካሳጣው በኋላም በተሽከርካሪ ወንበር ተቀምጦ በሕዝብ ፊት ታየ። የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የክብር ዶክትሬት ሰጠው፤ በሚያዝያ 11 ቀን 2001 ዓ.ም.፣ በትንሣኤ በዓል ዕለት፣ ዐረፈ። ከአራት ቀን በኋላ እጅግ ብዙ ሕዝብ በመስቀል አደባባይ ተሰብስቦ ከሸኘው በኋላ ሥርዐተ ቀብሩ በመንበረ ጸባዖት ቅድስት ሥላሴ ካቴድራል ተፈጸመ።

ለጥናት የተረፈን ነገር ከሁሉ ይልቅ የተቀዳው ድምፁ ነው። ስለ ጥላሁን ብዙ ተጽፏል፤ አብዛኛው ግን የሕይወት ታሪክና ውዳሴ ነው። አንድን ዘፈኑን በተለያዩ ዘመናት የቀዳባቸውን ቅጂዎች ጎን ለጎን አስቀምጦ፣ የዜማው ደራሲ ያወጣው የት እንደሚያልቅና የድምፃዊው ድርሰት ከየት እንደሚጀምር በኖታ የሚያሳይ ሥራ ሊሠራ ይገባል። ቅዱስ ያሬድ የሙዚቃ ትምህርት ቤት ለዚህ ብቁ የሆኑ ልጆች አሉት፤ የሬዲዮ ጣቢያውም የድሮ ቴፖች ሳይበላሹ በፊት ሥራው ቢጀመር፣ ከኦርኬስትራው ጋር ከተጫወቱት አረጋውያን መካከል በሕይወት ያሉት ምን እንደ ተጻፈና ምን እንዳልተጻፈ ራሳቸው ሊመሰክሩ ይችላሉ።