የመንደር ጂንጃና የመንግሥት ሺንቶ፦ በጃፓን የአምልኮ ስፍራዎችን የማዋሐድ ፖሊሲ (1906–1920)



በሀገራችን የጃፓን ታሪክ በተነሣ ቁጥር «ጃፓኖች ባህላቸውን ሳይለቁ ሠለጠኑ» ሲባል እንሰማለን። አባባሉ የቆየ መሠረት አለው። ብላቴን ጌታ ኅሩይ ወልደ ሥላሴ በ1931 ጃፓንን ጎብኝተው ሲመለሱ «ማኅደረ ብርሃን ሀገረ ጃፓን» የተሰኘውን መጽሐፋቸውን አሳትመዋል፤ በዚያው ዓመት የታወጀው ሕገ መንግሥታችንም የሜጂን ሕገ መንግሥት በአርአያነት ተከትሏል። (የምጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።) የዛሬው ንግግሬ ይህን የተለመደ አባባል ይመረምራል። ተጠበቀ የሚባለው ባህል የማን ነበር? ጠባቂውስ ማን ነበር? ለጥያቄው ምስክር አድርጌ የማቀርበው ጂንጃ የሚባለውን የሺንቶ የአምልኮ ስፍራ ነው።

ሺንቶ መሥራች የለውም፤ ቀኖናዊ መጽሐፍም የለውም። ካሚ የሚባሉት መናፍስት በተራራ፣ በፏፏቴ፣ በአሮጌ ዛፍ ያድራሉ ተብሎ ይታመናል። ሰውም ከሞተ በኋላ ካሚ ሊሆን ይችላል። በ903 በስደት የሞተው ሊቅ ሱጋዋራ ኖ ሚቺዛኔ ለዚህ ምሳሌ ነው። ከእርሱ ሞት በኋላ መብረቅ ቤተ መንግሥቱን ሲመታና መኳንንቱ ሲሞቱ፣ ሕዝቡ የተቆጣ መንፈሱ ነው አለ። ቁጣውን ለማብረድ በኪዮቶ ጂንጃ ታነጸለት፤ ዛሬ ተማሪዎች ለፈተና የሚማጸኑት የትምህርት ካሚ እርሱ ነው።

የመንደሩ ጂንጃ ግን ከዚህም ይልቅ ለዕለት ኑሮ የቀረበ ነበር። የተወለደ ሕፃን ወደ አጥቢያው ጠባቂ ካሚ ይወሰዳል፤ በጸደይ ስለ ሩዙ ይለመናል፣ በመከር ምስጋና ይቀርባል። በበዓሉ ቀን ወጣቶች የካሚውን ማደሪያ በትከሻቸው ተሸክመው መንደሩን ይዞራሉ። በዙሪያው ያለው ደን የተቀደሰ ስለሆነ ምሳር አይነሣበትም።

የሜጂ መንግሥት ይህን ሥርዓት እንዳገኘው አልተወውም። ካሚና ቡድሃ ለብዙ ዘመናት በአንድ ቅጥር ይመለኩ ነበር፤ በ1868 እንዲለዩ ታዘዘና ብዙ የቡድሃ ምስሎች ወደሙ። በ1871 ጂንጃዎች የመንግሥት ሥርዓተ በዓል መፈጸሚያ ተባሉ፤ ከአባት ወደ ልጅ የሚወርደው የካህናት ሹመት ተሻረ። የንጉሠ ነገሥቱ ዘር እናት የምትባለው የአማቴራሱ መቅደስ፣ ኢሴ፣ ከሁሉ በላይ ሆና ሌሎቹ በማዕርግ ተደረደሩ። በ1906 ደግሞ ትንንሾቹን የማዋሐድ ፖሊሲ ወጣ። የአስተዳደሩ አመክንዮ ግልጽ ነበር፦ በቂ ገቢና ካህን የሌለው ጂንጃ ለመንግሥት ክብር አይመጥንም፤ ስለዚህ ለአንድ መንደር አንድ ይበቃል። ወደ 200,000 ይጠጉ ከነበሩት ጂንጃዎች ከ70,000 በላይ የሚሆኑት ጠፉ። እጅግ የተጎዱት ሚኤና ዋካያማ ነበሩ። የተዘጋው ጂንጃ ደን እየተቆረጠ ተሸጠ።

በዋካያማ የተነሣው ተቃዋሚ ሚናካታ ኩማጉሱ (1867–1941) ነው። በለንደን በብሪቲሽ ሙዚየም ያጠና፣ «ኔቸር» በተሰኘው መጽሔት ብዙ የጻፈ የተፈጥሮ ተመራማሪ ነበር። በበሰበሰ እንጨት ላይ የሚበቅሉ ሻጋታ መሰል ደቂቅ ፍጥረታትን የሚሰበስበው በእነዚሁ ደኖች ነው። በ1910 የባለሥልጣናትን ስብሰባ በማወኩ ለ18 ቀናት ታሰረ። በማግስቱ ዓመት የጻፋቸውን የተቃውሞ ደብዳቤዎች የፎክሎር ሊቁ ያናጊታ ኩኒዮ አሳትሞ አሠራጨለት። መከራከሪያው ሁለት ወገን ነበረው። ደኑ ሲጠፋ ወፉ ይጠፋል፣ ተባዩ ይበዛል፣ ገበሬው ይጎዳል፤ «ኢኮሎጂ» የሚለውን ቃልም በዚሁ ክርክር ተጠቅሞበታል። ጂንጃው ሲርቅ ደግሞ አረጋውያን መሄድ ያቅታቸዋል፣ በዓሉ ይቀራል፣ የሕዝቡ አንድነት ይላላል። መንግሥት አምልኮን አጠናክራለሁ ብሎ ሥሩን ቆረጠው ማለቱ ነው።

በ1920 የላይኛው ምክር ቤት ውህደቱ እንዲቆም ወሰነ፤ ሆኖም አብዛኛው ጥፋት ደርሶ ነበር። በ1929 ንጉሠ ነገሥት ሂሮሂቶ ወደ ዋካያማ መጥተው ሚናካታ ከምሳር ያዳነውን የካሺማ ደሴት ደን ጎበኙ። በዙፋናቸው ስም ሥርዓተ አምልኮው አንድ እንዲሆን የተደረገው ንጉሥ ሊያዩት የመጡት ከዚያ ፖሊሲ የተረፈውን ደን ነበር።

ጃፓንን የያዙት የተባበሩት ኃይሎች በታኅሣሥ 1945 ሺንቶን ከመንግሥት ለዩ። ከጦርነቱ በኋላ አንዳንድ መንደሮች የተወሰደባቸውን ካሚ ወደ ቀድሞ ስፍራው መልሰዋል። ዛሬ ወደ 80,000 የሚጠጉ ጂንጃዎች በአንድ ሀገር አቀፍ ማኅበር ሥር ይገኛሉ። ሃይማኖት የለኝም የሚል ጃፓናዊ ሳይቀር በአዲስ ዓመት ወደ ጂንጃ ይሄዳል።

እንግዲህ ከዚህ ታሪክ ሁለት ጥንታዊ የሚባሉ ነገሮች ይታያሉ፦ መንግሥት በማዕርግ ያደራጀው ሺንቶና ሕዝቡ በደኑ ጥላ ያኖረው ጂንጃ። ፊተኛው በዕድሜ ከዘመናዊው የጦር ሠራዊትና ከባቡር ሐዲዱ አይበልጥም። ከኋለኛው የተረፈው የተረፈው ደግሞ መንደርተኛውና ጥቂት ምሁራን መንግሥትን ስለተሟገቱ ነው። ተማሪዎቼ ወደፊት «ባህሉን የጠበቀ ሀገር» የሚል ጽሑፍ ስታነቡ፣ ሲጠበቅ የከፈለው ማን እንደሆነ በቅድሚያ ጠይቁ።