ጓሳ የሚከድነው ቤት

እስቲ ጠጋ በሉና ስሙኝ። ዛሬ የማወጋችሁ ስለ አንዲት ትንሽ የተራራ ቤት ነው። ቤቷ ገና አልተሠራችም፤ ባለቤቷም ለወጉ ብዬ ያስነሳሁት ሰው ነው፤ ስሙን እናንተ አውጡለት። አገሩ ግን እውነተኛ ነው። ሣሩም፣ ድንጋዩም፣ የአባቶች ሕጉም እውነተኛ ነው።

ሰውየው አዲስ አበቤ ነው። ግርግሩ ሲመረው ደጋ ላይ ጎጆ ቀልሶ አልፎ አልፎ ሊያርፍባት ተመኘ። ደብረ ብርሃንን አለፈ፤ ጣርማ በር ላይ ወደ ግራ ታጥፎ የመሐል ሜዳን መንገድ ያዘ። ከባሕር ጠለል በላይ 3,200 ሜትርን ሲያልፍ መንዝ ጓሳ ከፊቱ ተዘረጋ። እዚህም እዚያም ጅብራ ቆሟል፤ ከሥሩ አስታው፣ ከአስታው ባሻገር ጓሳ የሚባለው ሣር ብቻ። በስተምሥራቅ ምድሩ ድንገት ይቆረጥና ወደ ቆላው ይወርዳል። በገደሉ ላይ ያደሩት ጭላዳዎች ማለዳ ወደ ሜዳው ወጥተው ሣር እየነጩ ይበላሉ። በአንዱ ወገን የሚወርደው ውሃ ወደ ዓባይ፣ በሌላው ወገን የሚወርደው ወደ አዋሽ ይሄዳል።

«በቃ፣ ቤቴ እዚሁ አፋፉ ላይ ትሁን!» አለ ሰውየው።

አብረውት የወጡት አንድ ሽማግሌ ግንበኛ ነበሩ። ጋቢያቸውን አጣፍተው ጥቂት ዝም አሉና፣ «ልጄ፣ እዚህ ቤት አይሠራም» አሉት።

«ምነው አባቴ? ባለቤት አለው እንዴ?»

«አለው እንጂ! አገር በሙሉ ነው ባለቤቱ።»

ነገሩ እንዲህ ነው። የመንዝ ሰው ጓሳን በሥርዓት መጠበቅ የጀመረው በ17ኛው ክፍለ ዘመን እንደሆነ ይነገራል። ሥርዓቱም ቄሮ ይባል ነበር። የአስቦና የጌራ ወገኖች መሬቱን በየድርሻቸው ይዘው፣ የየራሳቸውን አለቃ መርጠው ያስጠብቁት ነበር። ጓሳው ሦስትም አምስትም ዓመት ተዘግቶ ይቆይ ነበር፤ ከብት አይገባበትም፣ ማጭድ አያርፍበትም። ሣሩ ሲደርስ በበጋ ይከፈታል፤ ሕዝቡ ወጥቶ ያጭዳል፣ ከብቱን ያሰማራል። ክረምት ሲገባ ደግሞ ይዘጋል። በተዘጋበት ጊዜ ቤቱን በአዲስ ጓሳ ከድኖ የተገኘ ሰው ቤቱ ይቃጠልበት ነበር ይባላል። ቅጣቱ ከባድ ነበር፤ ግን አስቡት፤ ያ ሕግ ባይኖር ኖሮ ዛሬ ጓሳ የሚባል አገር ባላየን ነበር።

የካቲት 25 ቀን 1967 ዓ.ም የገጠር መሬት አዋጅ ሲታወጅ የርስት ሥርዓት ቀረ፤ በርስት ላይ የቆመው ቄሮም አብሮ ፈረሰ። ሕዝቡ ግን ጓሳውን ጨርሶ አልተወውም። ኋላ በመተዳደሪያ ደንብና በኮሚቴ መልሶ አቋቋመው። ዛሬ የማኅበረሰብ ጥብቅ ሥፍራ ነው፤ ለእንግዳም የማኅበረሰቡ ማረፊያ አለ።

ሰውየው ይህን ሲሰማ ሐሳቡን ለወጠ። ከጥብቅ ሥፍራው ውጭ፣ የገብሱ ማሳ ከሚያልቅበት ዝቅ ብሎ፣ ነፋስ የማያገኘው ጥግ መረጡ። መሬት በአገራችን አይሸጥምና የይዞታውን ጉዳይ በወጉ ጨርሶ መጣ። አሁን ወደ ቤቷ እንግባ።

ቤቷ ክብ ናት። ክብ ግድግዳ ነፋስን በአንድ ፊት አይቀበልም። በሯ ለገደሉ ነፋስ ጀርባዋን ሰጥታለች፤ በምሥራቅ በኩል አንዲት ክንድ የማትሞላ መስኮት አለቻት፣ የማለዳ ፀሐይ ትግባባት ተብሎ። ሰውየው ትልቅ መስታወት ፈልጎ ነበር። ሽማግሌው ግን፣ «ሌሊት ውርጭ ሲወርድ መስታወቱ ብርዱን ያስገባብሃል፤ አገሩን ማየት ከፈለግህ ደጅ መደብ እሠራልሃለሁ፣ ወጥተህ ተቀመጥ» አሉት። እውነታቸውን ነው። ወደ ተፈጥሮ ለመቅረብ የሄደ ሰው ከቤት ይውጣ እንጂ በመስታወት ምን ያሳየዋል?

ግድግዳው የዚያው አገር ድንጋይ ነው። የውስጥና የውጭ ሁለት ፊት አለው፤ መሐሉ በጭቃና በጠጠር ይሞላል። በየመሐሉ አንድ ረጅም ድንጋይ በአግድም ይገባና ሁለቱን ፊቶች ያያይዛል። ሽማግሌው ያን ድንጋይ ሲመርጡ ሦስት አራቱን አንስተው ይጥላሉ፤ አንዱን በመዶሻ መታ አድርገው ድምፁን ያዳምጣሉ፤ ስንጥቅ ካለበት አይቀበሉትም። ወፍራሙ ግድግዳ ቀን የጠጣውን ሙቀት ሌሊት ቀስ እያለ ይመልሳል። ውስጡ ጭድ ገብቶበት በተቦካ ጭቃ ይመረጋል። ምሰሶውና ማገሩ ከመንደሩ ባሕር ዛፍ ይቆረጣል፤ አስታ አይነካም።

ማድቤቱ ለብቻው ነው፤ ጭስ ለሳንባ አይበጅምና። የማድቤቱ ጣሪያ ቆርቆሮ ነው፤ የዝናቡን ውሃ ወደ በርሜል ይሰበስባል። መጸዳጃው ከምንጭ ራቅ ያለ ጉድጓድ ነው፤ አመድ ይነሰነስበታል። ለብርሃን ትንሽ ሶላር ይበቃል። ለመኝታ የመንዝ ባና እና ዝተት አለ፤ ከሱፍ የተሠራ የዚያው የአገሩ ሥራ።

«ውሻስ? ቤት ጠባቂ ያስፈልገኛል» አለ ሰውየው።

«ውሻ አታምጣ» አሉ ሽማግሌው ቆጣ ብለው። ጓሳ ላይ ቀይ ቀበሮ አለ። ከኢትዮጵያ በቀር የትም አገር የለም፤ በሕይወት ያሉት ጎልማሶች 500 እንኳ አይሞሉም። የእብድ ውሻ በሽታ ከቤት ውሻ ወደ ቀበሮ ይተላለፋል፤ ባሌ ላይ ከአንድም ሁለት ጊዜ መንጋ ፈጅቷል። ፍርፋሪና ቆሻሻም ደጅ አይጣልም፤ ይዞት የመጣውን ይዞት ይመለሳል።

ግድግዳው ቆመ፤ ማገሩ ታሰረ። ቀረ ጣሪያው።

«በሚመጣው ወር እንከድናለን አይደል?»

«ጓሳው ተዘግቷል ልጄ። ሲከፈት ድርሻ ከደረሰው አባወራ ትገዛለህ።»

«መቼ ይከፈታል?»

«ሽማግሌዎች ሣሩ ደረሰ ሲሉ።»

ሰውየው ቆርቆሮ ልምታበት አለ። ሽማግሌው አልከለከሉትም። ቆርቆሮ ሌሊት እንደሚቀዘቅዝ፣ በዝናብ ጊዜ ከጓደኛው ጋር መነጋገር እንደማይችል ብቻ ነገሩት። ሰውየው አሰበና ጠበቀ። በመጣ ቁጥር በማኅበረሰቡ ማረፊያ እያደረ ጠበቀ። እየጠበቀም ጓሳውን አወቀው፤ ጭላዳው በየትኛው ሰዓት እንደሚወጣ፣ ጉሙ ከወዴት እንደሚነሳ፣ ጠባቂዎቹ እነማን እንደሆኑ።

ጓሳው በተከፈተ ጊዜ መንደሩ ለደቦ ወጣ። ሣሩ ነዶ ነዶ ሆኖ ከታች፣ ከጣሪያው ጠርዝ ይጀመራል፤ የላይኛው ነዶ የታችኛውን እየሸፈነ ወደ ጉልላቱ ይወጣል። የሚታሰርበት ገመድም ከራሱ ከጓሳ የተገመደ ነው። ጣሪያው ቁልቁለቱ ከረር ያለ ነው፤ ውሃ ሳያድርበት ይወርዳል።

እንግዲህ ወጌን እዚህ ላይ ልቋጭ። ዛሬ ብዙ ሰው ተራራ ላይ ማረፊያ መሥራት ይመኛል፤ ምኞቱም መልካም ነው። ግን ቤትን ከተፈጥሮ ጋር የሚያስማማት የሣር ክዳኗ ብቻ አይደለም፤ የሣሩን ሕግ ማክበሯ ነው። እናንተም ልትሠሩ ካሰባችሁ፣ ፕላን ከማስነሳታችሁ በፊት ያገሩን ሽማግሌዎች ጠይቁ፤ ምን እንደተከለከለና ለምን እንደተከለከለ ስሙ። ጠብቁ ካሏችሁም ጠብቁ።