ከድድ ንቅሳት እስከ ምላስ ጌጥ

ባለፈው ዓመት ለብድር ኮሚቴያችን ከቀረቡት ማመልከቻዎች አንዱ ከሌሎቹ የተለየ ነበር። አንዲት አባላችን ብድር የጠየቀችው ለንግድ ወይም ለቤት ኪራይ ሳይሆን የልጇን ጥርስ ለማሳከም ነው። ልጅቷ ምላሷን አስበስታ የብረት ጌጥ አድርጋ ነበር። ጌጡ ሲመታው የከረመ አንድ ጥርሷ ተሸርፏል፤ ከታችኛው የፊት ጥርሶቿ ጀርባ ያለው ድድም ሸሽቷል። ብድሩን ፈቀድን። በስብሰባው ላይ ግን «የዛሬ ልጆች ይህን ከየት አመጡት?» የሚል ጥያቄ ተነሣ። ይህን ጊዜ ከመካከላችን በዕድሜ የገፉት እናት ከንፈራቸውን ገለጥ አድርገው የተነቀሰ ድዳቸውን አሳዩንና «እኛስ ከየት አመጣነው?» አሉ። ይህን ጽሑፍ ለማዘጋጀት ያነሣሣን የእሳቸው ጥያቄ ነው።

ድድ መነቀስ በአማራና በትግራይ እንዲሁም በኤርትራ በሴቶች ዘንድ የቆየ ልማድ ነው። ድዱ በእሾህ ወይም በመርፌ ደጋግሞ ይወጋና ጥላሸት ይቀባል። ቁስሉ ሲድን ድዱ ወደ ሰማያዊ የሚያደላ ጥቁር መልክ ይይዛል፤ ጥርስም ከአጠገቡ ነጥቶ ይታያል። የሚፈለገው ውበት ብቻ አልነበረም። የድድ መድማትንና ሕመምን ያስታግሣል ተብሎም ይታመን ነበር። እኚህ እናታችን ሲነቀሱ ገና ልጅ ነበሩ። «በአንድ ቀን አምስት ሆነን ተነቀስን። መርፌዋ አንድ ናት፤ ነቃሿ በቀሚሷ ጫፍ ጠረግ እያደረገች ከአንዳችን ወደ አንዳችን ታልፍ ነበር» ብለውናል። ያን ጊዜ ማንም ክፉ አላሰበም። በደም የሚተላለፍ በሽታ በዚያች መርፌ ከአፍ ወደ አፍ ሊሻገር እንደሚችል የነገራቸው ሰው አልነበረም።

በአፍ ላይ ሲደርስ የኖረው ይህ ብቻ አይደለም። ሕፃን ጉሮሮውን ሲያመው «እንጥሉ ወርዷል» ይባልና እንጥሉ ይቆረጥ ነበር። ሲያስቀምጠውና ሲያተኩሰው ደግሞ ጥፋቱ ያበጠው ድድ ነው ተብሎ ገና ያልወጣው የወተት ጥርስ በስለት ይነቀል ነበር። ውጤቱ መድማት፣ ኢንፌክሽን፣ አንዳንዴም ሞት ነው። ከሥር የተቀመጠው የቋሚ ጥርስ ቡቃያም አብሮ ሊጎዳ ይችላል። ይህን ያደረጉት እናቶች ልጆቻቸውን የሚጠሉ አልነበሩም፤ ልጆቻቸውን ለማዳን ብለው ነው ያደረጉት።

ለውጡ የመጣው ነገሩ በግልጽ መነገር ሲጀምር ነው። እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1984 በዳካር የአፍሪካ አገሮችን ያቀፈ፣ የሴቶችንና የሕፃናትን ጤና የሚጎዱ ልማዶችን የሚታገል ኮሚቴ ተመሠረተ። በዚያው አቆጣጠር በ1987 በአገራችን የጎጂ ልማዳዊ ድርጊቶች ብሔራዊ ኮሚቴ ተቋቋመ። ከግርዛት ጋር እንጥል መቁረጥንና የወተት ጥርስ መንቀልንም ትኩረት ሰጥቶ አጥንቷል፤ አስተምሯል። በ1987 ዓ.ም. የጸደቀው ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 35 ሴቶች ከጎጂ ልማድ የመጠበቅ መብት እንዳላቸው ደነገገ። ከግንቦት 1 ቀን 1997 ዓ.ም. ጀምሮ የጸናው የወንጀል ሕግም በጎጂ ልማድ ሕይወት ማጥፋትንና አካል መጉዳትን ያስቀጣል። በኤች አይ ቪ ዘመን «ምላጭና መርፌ በጋራ አትጠቀሙ» የሚለው ምክር በየቤቱ ሲገባ ደግሞ የነቃሿ መርፌም መፈራት ጀመረች።

የምላስ ጌጥ ታሪክ ሌላ ነው። በምዕራቡ ዓለም ወጣቶች ዘንድ በሰፊው የታወቀው እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1990ዎቹ ነው። ወዲያው ሐኪሞች ጉዳቱን መመዝገብ ያዙ። በ1997 የብሪታንያ የጥርስ ሐኪሞች መጽሔት ምላሷን ከተበሳች በኋላ ከባድ ኢንፌክሽን ስለያዛት ወጣት ሴት ጽፏል። ይህ ኢንፌክሽን ከምላስና ከአገጭ ሥር በፍጥነት እየተዛመተ የአየር መተላለፊያን ሊዘጋ የሚችል ነው። የአሜሪካ የጥርስ ሐኪሞች ማኅበርም በአፍ ውስጥ ጌጥ ማድረግን አይመክርም።

«ጆሮ እንበሳ የለ እንዴ?» የሚሉ አሉ። ምላስ ግን እንደ ጆሮ ጫፍ አይደለም። ብዙ የደም ሥርና ነርቭ አለበት፤ የሚኖረውም በጀርም በተሞላ አፍ ውስጥ ነው። ሲበሳ ብዙ ሊደማ ይችላል፤ ሲያብጥ መዋጥና መተንፈስን ያስቸግራል። መርፌው ንጹሕ ካልሆነ ሄፓታይተስ ቢና ሲ፣ ኤች አይ ቪና መንጋጋ ቆልፍ ሊያስይዝ ይችላል። የልብ ሕመም ያለባት ሴት ከሆነች ጀርሙ በደም ተጉዞ የልብ ቫልቭ ላይ ሊያርፍ ይችላል። ቁስሉ በደህና ቢድን እንኳ ብረቱ ለዓመታት ጥርስ ይሸርፋል፤ ድድ ያሸሻል። የሸሸ ድድ ደግሞ በራሱ ተመልሶ አይሞላም። ብሎኑ የላላ ጌጥ ሊዋጥ ወይም ወደ ሳንባ ሊገባም ይችላል።

ከዚህ ታሪክ የተማርነው ስድብ ማንንም እንዳላዳነ ነው። የእናቶቻችንን ድድ «ኋላ ቀር»፣ የልጆቻችንን ምላስ «ብልግና» ብለን ብናልፍ፣ መርፌዋን ሳንጠይቅ የሰዎቹን ስም ብቻ አጠፋን ማለት ነው። ሁለቱም የፈለጉት ማማር ነበር። ልዩነቱ እናቶቻችን ማወቂያ አልነበራቸውም፤ እኛ ግን እያወቅን ዝም ካልን ጥፋቱ የእኛ ነው። «ሳይቃጠል በቅጠል» ይባል የለ!

ስለዚህ በወርኃዊ ስብሰባችን ላይ ከሴት ልጆቻችን ጋር ስለዚህ ጉዳይ የምንነጋገርበት ጊዜ መድበናል። ጌጥ ያደረገች ልጅ ብትኖር አንቆጣም። የጥርስ ሐኪም እንድታይ፣ ጌጧን ከማንም ጋር እንዳትዋዋስ፣ እብጠት፣ ትኩሳት ወይም የመተንፈስ ችግር ካየች ሳትውል ሳታድር ወደ ጤና ተቋም እንድትሄድ እንነግራታለን።

የአባላችን ልጅ ጌጧን አውጥታለች። በመጀመሪያው ውይይት ላይ ከእኚያ እናት አጠገብ ተቀምጣ «ያን ጊዜ በጣም አመመዎት?» ብላ ጠየቀቻቸው። እሳቸውም «አመመኝ እንጂ! ግን እንደ አንቺ የሚጠይቀኝ አላገኘሁም» አሏት። ብድሩ በየወሩ እየተከፈለ ነው፤ ሊያልቅ አራት ወር ቀርቶታል።