የዶውሊሽን ባቡር ያስቆሙት አይጦች ናቸው?

በአውሮፓውያን ክረምት ከኤክሰተር በባቡር ተነስቶ ዶውሊሽን አይቶ መመለስ ከግማሽ ቀን አያልፍም። የደቡብ ምዕራብ እንግሊዝ ሐዲድ እዚህ ጋ በቀይ ገደልና በባሕር መካከል ባለ ግንብ ላይ ተጠግቶ ያልፋል፤ ከዶውሊሽ እስከ ቴንማውዝ 5 ዋሻዎችን ያቋርጣል። ማዕበል ሲነሳ ጨዋማው ውኃ የፉርጎውን መስኮት ይመታል። መንገደኛው ባሕሩን ለማየት ስለሚጓጓ፣ ቀደም ብሎ ስታርክሮስ ላይ ከሐዲዱ አጠገብ የቆመውን ባለ ማማ የቀይ ድንጋይ ሕንፃ ልብ አይለውም። ሕንፃው ባቡርን ያለ ሎኮሞቲቭ ለማስኬድ የተሞከረበት ዘመን ቅሪት ነው።

መስመሩ እ.ኤ.አ. በ1846 ሲከፈት የሚሠራው በተለመደው የእንፋሎት ባቡር ነበር። መሐንዲሱ ኢሳምባርድ ኪንግደም ብሩኔል ያቀደው ግን ሌላ ነው። በሐዲዶቹ መካከል ቧንቧ ዘረጋ፤ በየ5 ኪሎ ሜትሩ ገደማ የተተከሉ ሞተሮች አየሩን ከቧንቧው ሲያወጡ፣ ከፉርጎው ሥር የተያያዘውን ፒስተን ከኋላው ያለው አየር ይገፋዋል። ፒስተኑን ከፉርጎው ጋር የሚያያይዘው ብረት እንዲያልፍ በቧንቧው አናት ላይ ስንጥቅ ተትቶለታል፤ ስንጥቁን የሚከድነው ሞራና ሰም የተቀባ ቆዳ ነው። በሴፕቴምበር 1847 መንገደኞች ያለ ጭስ መጓዝ ጀመሩ፤ ባቡሩ በሰዓት 100 ኪሎ ሜትር ያለፈበት ጊዜም ነበር። በዓመቱ፣ በሴፕቴምበር 1848፣ ቆመ።

ለምን? በብዛት የሚወራው አይጦች ሞራ የጠጣውን ቆዳ በልተው ጨረሱት የሚለው ነው። አይጥ ሞራ ይወዳል፤ አንዳንድ ቦታ ቆዳውን ነክሶት ሊሆንም ይችላል። ነገር ግን ብሩኔል በኦገስት 1848 ለኩባንያው ዳይሬክተሮች ያቀረበው ሪፖርት የሚከሰው የቆዳውን መበላሸት እንጂ አይጥን አይደለም። ቆዳው ውኃ ይጠጣል፣ በክረምት ውርጭ ይደርቃል፣ ከብረቱ ጋር ሲገናኝ ይበላሻል፤ ከዚያ አየር ያስገባል። የተበላሸውም እዚህና እዚያ ሳይሆን በመስመሩ ሙሉ ስለነበር ሁሉንም መቀየር ግድ ነበር። አየርላንድ ውስጥ፣ ደብሊን አጠገብ ዳልኪ ላይ፣ ተመሳሳይ ባቡር እስከ 1854 ሠርቷል፤ ደብሊንም አይጥ አላጣችም። ዳልኪም ባሕር ዳር ናት፣ ታዲያ የአየሩ ጠባይ ለምን አልጎዳትም? የሚል ካለ፣ የዳልኪው መስመር 3 ኪሎ ሜትር አይሞላም፤ የብሩኔል ከኤክሰተር እስከ ኒውተን አቦት 32 ኪሎ ሜትር ነው። አጭሩን ቆዳ እየተከታተሉ መጠገን ይቻላል። በዚያ ላይ የብሩኔል የሞተር ጣቢያዎች ለረጅም ጊዜ ቴሌግራፍ ስላልነበራቸው ባቡሩ ቢዘገይም ሞተሮቹ በሰዓቱ ተነስተው የድንጋይ ከሰሉን በከንቱ ያነዱት ነበር። ስለዚህ ሚዛኑ የሚያደላው ወደ ቆዳው፣ ወደ ወጪውና ወደ ብሩኔል ውሳኔ ነው። የአይጡ ወሬ የቆየው ታላቅ መሐንዲስን ከመውቀስ አይጥን መውቀስ ስለሚቀል ይመስለኛል።

ባለአክሲዮኖቹ ከ400,000 ፓውንድ በላይ ከሰሩ፤ መስመሩም ወደ እንፋሎት ተመለሰ። የብሩኔል ሌላው ውሳኔ፣ ሐዲዱን ከማዕበሉ ሥር መዘርጋቱ፣ ግን ዛሬም አለ። በፌብሩዋሪ 2014 ማዕበል ግንቡን ናደው፤ ሐዲዱ አየር ላይ ተንጠለጠለ፣ መስመሩም ለሁለት ወር ተዘጋ። ከፍ ያለው አዲሱ ግንብ በ2023 ተጠናቋል፤ በክረምት ወደ ዶውሊሽ የሚሄድ ሰው ግን ከመነሳቱ በፊት የማዕበል ማስጠንቀቂያውን ይጠይቅ።